አልሮጥም

በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ክንዴ የሚባለው የደባርቅ ኪነት ቡድን ጊታር መቺ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ በሊማሊሞ ወረደና በዚያው ቀረ። ጫካ ገባ ያሉ አሉ፤ ሱዳን ተሻገረ ያሉም አሉ። ጊታሩን ግን አልወሰደውም። በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በሚስማር እንደተንጠለጠለ ሦስት ሳምንት ከረመ። የጠፋ ሰው ዕቃ ነውና ደፍሮ የሚነካው አልተገኘም።

የነካችው ደብረወርቅ ናት።

ደብረወርቅ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆና ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በኪነቱ ከተቀባዮቹ ጋር ቆማ ታጨበጭባለች። አባቷ መሪጌታ ስማቸው ደረስጌ ማርያም የንባብ መምህር ናቸው። ልጅቱ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲያዩዋት ዝምተኛ ትመስላለች፤ አንድ ጊዜ እምቢ ካለች ግን በሬም አይጎትታት። ክንዴ ከመጥፋቱ በፊት በእረፍት ሰዓት ሦስት አራት የጣት አያያዝ፣ እነርሱ ኮርድ የሚሉትን፣ አሳይቷት ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በፊት ጊታሩን ከሚስማሩ አወረደችና አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የቡድኑ ኃላፊ ያርጋል ፊት ቆመች።

«እኔ ልማረው» አለችው።

«ሴት ጊታር ስትመታ የት አይተሻል?»

«የትም አላየሁም። አሁን እናያለን።»

ያርጋል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የጨነቀው ሰው ነበር። ጊታር መቺው ከጠፋ ወዲህ ቡድኑን በክፉ ዓይን የሚያዩ በዝተዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኛ የስሜን አውራጃ ኪነትና የወገራው ኪነት ዳባት ላይ ሊወዳደሩ ነው፤ ያሸነፈው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ጎንደር ይሄዳል። ያርጋል ከዳባት ባዶ እጁን ቢመለስ ምን እንደሚባል ያውቃል። ከተማው ውስጥ ጊታር የሚነካ ሌላ እጅ ስለሌለ፣ «እሺ፣ ሞክሪው» አለ።

ያርጋል ራሱ የጻፈው አንድ ማርሽ ነበር። መሐሉ ላይ ሲደርስ ዘፋኙም ተቀባዩም ዝም ይልና ከበሮውና ጊታሩ ብቻ ይቀራሉ፤ ጊታሩ በአምባሰል ቅኝት ከላይ እስከ ታች ይንደረደራል። ይህን ያወጣው ክንዴ ስለነበር ቡድኑ «የክንዴ ሩጫ» ይለው ነበር። ክንዴ ሲጠፋ ስሙንም አብረው ጣሉት፤ «ሩጫው» ብቻ ሆነ።

ደብረወርቅን የገጠማት ይህ ሩጫ ነው። ኮርዱን በሳምንት ያዘችው። ሩጫው ላይ ስትደርስ ግን ጣቶቿ ይተረማመሳሉ፤ መምቻዋ አንዱን ክር ትስታለች፣ ሌላውን ሁለቴ ትመታለች። ያርጋል ጠረጴዛውን በመዳፉ እየደበደበ «ፍጠኚ! ፍጠኚ!» ይላታል። በፈጠነች ቁጥር ይብስባታል። ከክርኗ ጀምራ በሙሉ ክንዷ ስለምትመታ ማታ ቤቷ ስትገባ ትከሻዋ ይቃጠላል። አንድ ወር እንዲህ አለፈ።

ከአዳራሹ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋራው የጋሽ ሀሚድ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ጋሽ ሀሚድ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። በ1970 ጎንደር ላይ ሰባት ወር ታስረው ሲወጡ የቀኝ አውራ ጣታቸው አልታጠፍ ብሎ ቀረ። እንዴት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው መልስ አግኝቶ አያውቅም። መቀሱን በግራ እጃቸው መያዝ ተማሩና ደባርቅ መጥተው ስፌታቸውን ቀጠሉ።

ሰኔ ላይ የኪነቱ አባላት ለካኪ ልብስ ሲለኩ የደብረወርቅ ተራ ደረሰ። ሴቶቹን የሚለኩት የጋሽ ሀሚድ ባለቤት እትዬ ኡሙሰልማ ናቸው፤ እርሳቸው ሜትሩን ይዘው ይጠራሉ፣ ባልየው ይጽፋሉ።

«ወገብ፣ ስልሳ ስድስት።»

ጋሽ ሀሚድ ጻፉ። ከደብተሩ ቀና ሳይሉ «ያ ሩጫ ላይ የምትወድቂው አንቺ ነሽ?» አሉ።

ደብረወርቅ ደነገጠች። «ይሰማል እንዴ ጋሼ?»

«ግድግዳው ጭቃ ነው ልጄ። አንድ ወር ሙሉ ሰባተኛዋ ድምፅ ላይ ትወድቂያለሽ። ትናንትም ሰባተኛዋ፣ ዛሬም ሰባተኛዋ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ «አቃታት» ያላት ብዙ ነው፤ የት ላይ እንዳቃታት የነገራት ግን አንድም ሰው አልነበረም። «ጊታር ያውቃሉ?» አለቻቸው።

«አላውቅም።»

እትዬ ኡሙሰልማ ሜትሩን ከትከሻቸው አወረዱ። «በረመዳን ይዋሻል? ጎንደር ሆቴል ቤት ሲጫወት አይደል እንዴ እኔን ያገባኝ!»

 ጋሽ ሀሚድ እርሳሳቸውን ጆሮአቸው ላይ ሰኩና «ነገ ይዘሽው ነይ» አሉ። «ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ። እኔ ማፍጠሪያዬ እስኪደርስ አንቺ ትመቻለሽ።»

በማግስቱ ጊታሩን አቅፋ ጥግ ላይ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሩጫውን ልትጀምር ስትል ጋሽ ሀሚድ እጃቸውን አነሡ። «እሱን ተይው። መጀመሪያ እጅሽን አሳዪኝ።» የቀንድ መምቻዋን ጨብጣ እንደያዘች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጩቤ ነው እንዴ የያዝሽው? መርፌ አንቆ የሚይዝ ሰው ጣቱን ይወጋል። ላላ አድርጊው። ጫፏ ብቻ ትውጣ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል።»

አላላችው። ሊወድቅባት ደረሰ።

«ይውደቅ። ታነሺዋለሽ። አሁን አንዲት ክር ምቺ።»

መታች።

«ተመልከቺ፣ እጅሽ የት ደረሰ? ለአንዲት ክር ብለሽ እስከ ሊማሊሞ ድረስ ወረድሽ። ከዚያ ደግሞ ባዶ እጅሽን ሽቅብ ትመለሻለሽ። ስትመለሺስ ለምን አትመቺም?»

የእግር ስፌት መኪናቸውን ጎማ በግራ እጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። «በዚህ ልክ» አሉ። «ሲወርድ ወደ ታች ምቺ፣ ሲወጣ ወደ ላይ። አንዲት ክር ብቻ። ሩጫ የሚባል ነገር የለም፤ እርሺው።»

ዘገምተኛ ነበር፤ ከመዘግየቱ የተነሣ ያስጨንቃል። በሁለት ምት መሐል ሰው ውጭ ሲያልፍ፣ በቅሎ ስታናፋ፣ እትዬ ኡሙሰልማ የቁልፍ ቀዳዳ ሲሰፉ ክሩ ጨርቁን ሲያልፍ ይሰማታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደብረወርቅ ድንገት ቀና አለች።

«ይሄማ ቁጥር ነው» አለች።

«ምን ቁጥር?»

«አባቴ ዘንድ ንባብ የሚማር ልጅ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ ይቆጥራል። ከዚያ ግዕዝ የሚባለውን፣ ከዚያ ውርድ የሚባለውን ያልፋል፤ ሳይቆራርጥ የሚያነበው፣ ቁም ንባብ የሚባለው፣ በመጨረሻ ነው። ቁጥሩን የዘለለ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሲንተባተብ ይኖራል ይላሉ።»

«አባትሽ ጊታር ይዘው ቢሆን ኖሮ እኔ ባላስፈለግሁሽም ነበር» አሉ ጋሽ ሀሚድ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቅ አሉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣች። ሳምንት ሙሉ አንዲት ክር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ክር፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ብቻ። ሰባተኛዋ ላይ የምትወድቀው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ መምቻዋ ከሦስተኛው ክር ወደ ሁለተኛው የምትሻገረው እዚያ ላይ ነው፤ በችኮላ ስትሄድ እጇ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ስትሳሳት ጋሽ ሀሚድ አይቆጧትም፤ ጎማውን የበለጠ ያዘገዩታል። «ስህተትም ይለመዳል» ይሏታል። «እጅ የፈለግሽውን አይማርም፤ የደጋገምሽውን ነው የሚማር።»

አዳራሹ ውስጥ ግን ነገር ከረረ። ሐምሌ ገብቶ ነበር። ደብረወርቅ ኮርዱን ትመታና ሩጫው ላይ ሲደርሱ እጇን አንሥታ ዝም ትላለች፤ ወይም በቁጥር ልክ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለች ትመታዋለች። ከበሮ መቺው ቢራራ «የማን ቀብር ነው?» እያለ ያስቃል። አንድ ቀን ያርጋል ጠረጴዛውን መታና ተነሣ።

«ዳባት አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ነው የቀረው! በሥርዓቱ ሩጪ!»

«አልሮጥም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሩጫው እስኪጠራ አልሮጥም። አንተ ከፈለግህ ጠረጴዛውን ደብድበው።»

የሚስቅ ጠፋ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እምቢታ ስም ነበረው፤ አሻጥር ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ለመተየብ ከመጡት ወረቀቶች መሐል የያርጋልን የእጅ ጽሑፍ አገኘች። ለአውራጃው የተጻፈ ነው። ያርጋል ወረቀቱን ለመዝገብ ቤት ሲሰጥ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ማን እንደሆነች ሳይረሳ አልቀረም። «ጓድ ደብረወርቅ ስማቸው የኪነት ቡድኑን ሥራ ሆን ብላ በማጓተትና ቀደም ሲል በፀረ አብዮተኝነት ተጠርጥሮ ከተለቀቀ ግለሰብ ጋር በመወዳጀት…» ይላል።  የራሷ ስም አልነበረም ያስደነገጣት፤ የጋሽ ሀሚድ ነገር ነው። ወረቀቱን ቀድዳ ብትጥለው የሚያውቅ የለም። አልጣለችውም። ካርቦኑን በሁለት ወረቀት መሐል አስገብታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ፊደል ሳትስት ተየበችው። ከዚያ በምሳ ሰዓት ወስዳ ያርጋል ፊት አስቀመጠችለት።

«እዚህ ላይ ፈርም» አለችው። «ሁለት የፊደል ስህተት ነበረው፤ አርሜልሃለሁ።»

ያርጋል ጆሮው ድረስ ቀላ። ቢሆንም ፈረመ።

አውራጃው ነገሩን ለቀበሌው መራው፤ ስብሰባው የተጠራው በአዳራሹ ነው። ቆርቆሮው ላይ በረዶ እየወረደ ስለነበር ሰው ሁሉ ይጮኻል። ሰብሳቢው ጓድ መንግስቴ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ንግግራቸው የባላገር ዓይነት፣ ረጋ ያለ ሽማግሌ ናቸው። በረዶው እስኪያባራ ጠበቁና «ልጄ፣ ግለ ሂስሽን አሰሚን» አሏት።

ደብረወርቅ ተነሣች።  «ስህተቴን አምናለሁ» አለች። «አንድ ወር ሙሉ ፍጠኚ ሲሉኝ እየፈጠንሁ፣ ያልቻልሁትን እንደቻልሁ አስመስዬ ስመታ ነበር። ያ ስህተት ነው። አልደግመውም።»

ከወደኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ያርጋል ተነሥቶ «የልብስ ሰፊውስ ነገር?» አለ።

«እዚህ የተቀመጥነው ሁሉ የለበስነውን ካኪ ማን ሰፋው?» አለች ወደ እርሱ ዞራ። «አንተም ወገብህን አስለክተህ ወጥተሃል። አንተን ያልበከለህ ሰው እኔን በምን ይበክለኛል?»

 ሰዎች የገዛ ኮታቸውን ያዩ ጀመር። ጓድ መንግስቴ ጢማቸውን አሻሹና «እንግዲህ» አሉ፣ «ከዳባት በኋላ እንነጋገራለን። ከመታች፣ መታች። ካልመታች ግን ጊታሩም የጽሕፈት መኪናውም ይቀርባታል። ጨርሰናል።»

በማግስቱ ስትመጣ ጋሽ ሀሚድ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ይብቃሽ» አሉ። «እኔ የለመድሁት ነው። አንቺ ግን እንጀራሽን አትጪ።»

«ትናንት መቶ ሰው ፊት የተናገርሁትን ዛሬ በር ላይ ልዋጠው ጋሼ?»

ጋሽ ሀሚድ ከበሩ ገለል አሉ። እትዬ ኡሙሰልማም ከውስጥ ዱካውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረጉት፤ ብርሃን ያለበት እዚያ ነበር። ደብረወርቅ ገብታ ተቀመጠች።

ፍልሰታ ገባ። አሁን የምትጾመው እርሷ ናት፤ ጋሽ ሀሚድ በየሦስት ቀኑ ጎማውን ፈጠን ያደርጉታል፣ ግን በጣም በትንሹ፤ እርሷ መፍጠኑን የምታውቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ትከሻዋ መቃጠሉን ተወ። እጇ ከክሩ አይርቅም፤ ከሩቅ ለሚያያት የምትንቀሳቀስም አትመስል። አንድ ቀን ሩጫውን ከላይ እስከ ታች ሄዳ ስትጨርስ ጋሽ ሀሚድ ጎማውን አቆሙ።

«ሰባተኛዋ የት ሄደች?» አሉ።

«የቷ?» አለች። ማለፏን እንኳ አላወቀችም ነበር። ከዚያ ገባትና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እትዬ ኡሙሰልማ እልል አሉ፤ ጎረቤት ወንድ ተወለደ ብሎ ሊጠይቅ መጣ።

ነሐሴ ሃያ ሰባት በጭነት መኪና ተጭነው ዳባት ወረዱ። መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ደመና ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መጀመሪያ የወገራው ኪነት ወጣ፤ እሳት ነበሩ፤ ሕዝቡ ወለሉን እየረገጠ አብሯቸው ዘለለ። ያርጋል ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ላቡን ጠረገና ወደ ቢራራ ጠጋ ብሎ «ጨምርበት፤ በእጥፍ» አለው። ደብረወርቅ ሰማች።

ማርሹ ሲጀመር የሚያዝ አልነበረም። ዘፋኞቹ ቃሉን ይውጡታል፣ ተቀባዮቹ ማጨብጨብ ያቅታቸዋል። ሩጫው ደረሰ። ሁሉም ዝም አለ፤ ቢራራ ብቻውን ከበሮውን ይደበድባል። ደብረወርቅ መምቻዋን ከክሩ በላይ ያዘችና አልገባችም። አራት ምት አለፈ። ስምንት አለፈ። ያርጋል ከመጋረጃው ኋላ እጁን ያወናጭፋል። ከፊት የተቀመጠው ሕዝብ ተንሾካሾከ። እርሷ ቢራራን ብቻ አየችው፤ ትክ ብላ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ቢራራ ያርጋልን አየ፣ እርሷን አየ። ከበሮው ዝግ አለ፣ ዝግ አለና በልኳ ላይ ሲደርስ ገባች።

አልሮጠችም። ሄደች። እያንዳንዷ ድምፅ ለብቻዋ ተሰማች፤ ወርዳም ወጥታም፣ አንዲቱ ሳትረገጥ። አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ ጠፋ። ከላይ እስከ ታች ጨረሰችው። ከዚያ ማንም ሳያዝዛት እጇ ራሱ ስለፈለገ ደገመችው፤ በዚህኛው ፈጠነች፤ ፈጥናም ጠራች። ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነሥተው «አበጀሽ የኔ ልጅ!» ብለው ጮኹ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጭብጨባ ዘፋኞቹን አላስገባም አለ።

ያሸነፈው ግን ወገራ ነው። ዳኞቹ የደባርቁ ማርሽ «የትግል ፍጥነት ይጎድለዋል» አሉ። ደብረወርቅ ይህን ስትሰማ ጊታሩን አቅፋ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። የወገራው ጊታር መቺ ደምለው የሚባል ልጅ ወደ እርሷ መጣ። ድሉን ሊያወራ መስሏት ፊቷን አዞረች። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጅሽ ሲመለስ ነው የምትመችው አይደል?» አላት። «እንዴት እንደሆነ አንድ ጊዜ አሳዪኝ።» ጭቃው ላይ ቆመው አሳየችው።

ደባርቅ ሲገቡ ያርጋል እጁን ዘረጋ። «ጊታሩ የቡድኑ ነው» አለ። «የታዘዝሽውን አልመታሽም።»

«ውሰደው» አለች። «የተማርሁት ጊታሩ ላይ አይደለም ያለው።»

ጓድ መንግስቴ ነገሩን ሲሰሙ «መታች አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። መታች አሏቸው። «እንግዲያው የጽሕፈት መኪናዋን ተዉላት» አሉ፤ በዚያው ተዘጋ። ሥራዋ አልተነካም፤ ከኪነቱ ግን ወጣች። ቢሆንም በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስፌት ቤት መምጣቷን አልተወችም። ለጋሽ ሀሚድ የልብስ ቁልፍ እየተከለች ትቀመጣለች። አዳራሹ ውስጥ ከጎንደር የመጣ አንድ ልጅ፣ ቀጥሎም ሌላ ልጅ ሩጫውን ሲሞክሩና ሰባተኛዋ ላይ ሲወድቁ በግድግዳው በኩል ይሰማሉ። ጋሽ ሀሚድ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እትዬ ኡሙሰልማ ጆሮአቸውን ይይዛሉ። ከኅዳር በኋላ ድምፅ የሚባል ጠፋ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ያርጋል በሩ ላይ ቆመ። ጊታሩን በብብቱ ይዟል። ደብረወርቅን አየና ዓይኑን ወደ ጋሽ ሀሚድ መለሰ።

«ማንገቻው ተበጥሷል» አለ። «ቢሰፉልኝ ብዬ ነው።»

ጋሽ ሀሚድ ጊታሩን ተቀብለው አገላበጡት። ማንገቻው በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ነበር የተበጠሰው። ጊታሩን ደብረወርቅ ጉልበት ላይ አኖሩት።

«መቼ ይደርሳል?» አለ ያርጋል።

«ሥራ በዝቶብኛል» አሉ ጋሽ ሀሚድ። «ማንገቻ ደግሞ በችኮላ አይሰፋም።»

«ስንት ቀን ልቁጠር?»

ጋሽ ሀሚድ ደብረወርቅን አዩአት።

«አንድ ዓመት» አለች ደብረወርቅ።

ያርጋል ፊቱን ቋጠረ። ደጃፉ ላይ አቧራውን ከጫማው አራገፈ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ውጭ እያየ። «ብቻ ጥሩ ተደርጎ ይሠራ።»